የሩቂያን መርዶ ይዤ በጠጠሩ መንገድ

እዚህ ላስ ቬጋስ ያለነውን ሐበሾች ለቅሶ የሚያስተባብሩት ሽማግሌ ጋሽ ሙሄ የደወሉልኝ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የሳይክሌን ሰንሰለት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየጠረግሁ ሳለ ነው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ሥራዬን ቀጠልሁ።

«ስንዱ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ ጋሼ። ደህና ነዎት?»

«የሩቂያ እናት ዐርፈዋል። ትናንት ደሴ ተቀበሩ። ወንድሟ ለእኔ ነው የደወለው፤ በስልክ እንዳይነገራት ብሎ ዐደራ ብሎኛል።»

ብሩሹን አስቀመጥሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ቢያንስ «ውይ» ይላል። እኔ ግን የተቀበሩት ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠየቅሁ። ጋሽ ሙሄ፣ «ምን ይሠራልሻል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ምንም አይሠራልኝም። እንዲህ መሆን ከጀመርሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ከታች ትደርሱበታላችሁ።

«ነገ በዚያ በሳይክላችሁ ትሄዳላችሁ አይደል?»

«ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንነሳለን።»

«ሂዱ። ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚ። እህቷ ሌሊት ከሎስ አንጀለስ ተነሥታ ትነዳለች፤ አራት ሰዓት ላይ ትደርሳለች። እኛም ሰው አሰባስበን ከቤቷ በር እንጠብቃለን። ያንቺ ሥራ ሁለት ነው። ስልክ እንዳታነሳ፣ አራት ሰዓት ላይ እንድታመጫት። ዓመት ሙሉ ሰው በስልክ ስናረዳ ከርመናል፤ እቺን እንኳ በወጉ እናርዳ።»

«እሺ ጋሼ።»

እኔ ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል ሳጸዳ ኖሬ፣ በቀደመው ዓመት መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ከተማው ሲዘጋ ከሌሎቹ ጋር ተሰናበትሁ፤ ሆቴሉ በግማሽ ሲከፈትም አልተጠራሁም። ሰንራይዝ ማነር በሚባለው የከተማው ምሥራቃዊ ሰፈር፣ አንድ መኝታ ቤት ካለው ቤቴ ከመጽሐፎቼ ጋር ተቀምጬ ነበር። ትምህርት የጀመርሁት ሞጆ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደልን እንደ ተዋሰው የሸክላ ዕቃ ነው የሚይዘው። የገበያ ዝርዝር ስጽፍ እንኳ መልሼ አነብባለሁ፣ አርማለሁ። ሩቂያ ለዚህ ነው «መምህርት» የምትለኝ።

ሩቂያ የወሎ ልጅ ናት፤ ከእኔ በአምስት ዓመት ታንሳለች። ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች እንግዳ የምታመላልስ ሚኒባስ ትነዳ ነበር። እንግዳ ሲጠፋ እሷም ሥራ ፈታች። ከተማውን ለቅቆ ከሚሄድ ሰው ሁለት አሮጌ ሳይክሎች ገዝታ አንዱን ለእኔ ያመጣችው እሷ ናት፤ ጎማቸው ወፈር ያለ፣ ለጠጠር መንገድ የተሠሩ። በዚያ በጋ ባዶ በቀረ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መቀመጫዬን ከኋላ ይዛ፣ እኔ እየወደቅሁ እሷ እየሳቀች አስተማረችኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜን አሳልፈን አናውቅም።

መንገዳችን ከምሥራቅ ላስ ቬጋስ ይጀምራል። መጀመሪያ የጎርፍ ማስወገጃ የሲሚንቶ ቦይ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው። ቤቶቹ ሲያልቁ ቦዩ አፈር ይሆናል፣ የከተማው ውኃ ሁሉ ተጣርቶ ይገባበታል፣ ዳርና ዳሩ በሸንበቆ ይሸፈናል። በጎኑ የጠጠሩ መንገድ ሜዳ ለሜዳ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ካርታ ላይ ሲታይ ምንም የሌለበት ቦታ ነው። መንገዱ ዳር የቆሙትን ሰሌዳዎች አንድ በአንድ አንብቤ ነው ያወቅሁት፤ ነጮች ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት የአገሩ ተወላጆች ባቄላና በቆሎ ይዘሩበት የነበረ፣ በኋላም የበቅሎ ነጋዴዎች ውኃውን ተከትለው ያለፉበት ነው። ሩቂያ ሰሌዳ ሳነብ ጎማዋን በእግሯ እየመታች ትጠብቀኛለች፤ «ፈተና አለው እንዴ?» ትለኛለች።

በዚያ ቅዳሜ በሰዓቱ መጣች። ሄልሜቷን ከሻሿ በላይ አስራ፣ ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ፣ «እንዴት አደርሽ መምህርት» አለችኝ። እኔ «ደህና» አልሁ። ፊቷን ላለማየት የሁለታችንን ጎማ ነፋሁ፤ ሁለቱም አልጎደሉም ነበር።

ሲሚንቶውን ጨርሰን ጠጠሩ ላይ እንደወጣን ቀድማኝ ሄደች። ሁልጊዜ የምቀድመው እኔ ነኝ፤ እሷ ከኋላዬ ሆና ታወራለች። ያን ቀን ግን ከኋላ ሆኜ ልጠብቃት ብዬ አሳለፍኋት።

«ምን ነክቶሽ ነው ከኋላ የምትነጂው?» አለች ሳትዞር። «መቀመጫዬን ልታርሚ ነው?»

«እግሬን ደክሞኛል።»

«ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላን? ክፍል ማጽዳት ስትተዊ እግርሽንም አሰናብተሽዋል።»

ከጎማዋ ሥር የሚወጣውን ጠጠር እያየሁ ነዳሁ። ውስጤ ምንም አልነበረም። ልዋሽ መሆኔ አላስጨነቀኝም፣ የምትወደውን ሰው ማጣቷም አላሳዘነኝም። የማስበው ሰዓቱን ብቻ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ለእናቷ ትደውላለች፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። እዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ደሴ ምሽት ዐሥራ ሁለት ነው፤ እናቷ ከመግሪብ ሶላት በፊት ስልኩን ታቅፈው ይጠብቃሉ። ውኃው በድንጋይ እርከን ላይ ከሚወርድበት ስፍራ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሁልጊዜ እዚያ ቁጭ ብላ ትደውላለች፣ እኔ ቴምር አወጣለሁ፣ «ሰላም በይልኝ» እላለሁ፣ ከዚያ እንመለሳለን። ያን ቀን የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ስልኬ ዘግቷል፣ ያንቺን አውሺኝ፣ ለሥራ ጉዳይ አንድ ቦታ ልደውል እልና ይዤ አቆየዋለሁ።

ከወንበሩ ደረስን። ነጭ ሳቢሳ መሳይ ወፍ እርከኑ ላይ ባንድ እግሩ ቆሟል። ቴምሩን አወጣሁና መሃላችን አስቀመጥሁ።

ሩቂያ ከረጢቱን ከፈት አድርጋ አየች። «ይኼ ሁሉ? አንቺ ሴትዮ፣ ሦስት ሦስት ቆጥረሽ አልነበር የምትሰጪኝ?»

«ገበያ ሄጄ ነበር።»

«እህ።»

አንድ ቴምር አንሥታ ፍሬውን ለረዥም ጊዜ በአፏ ያዘችው። ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት ከአምስት። ከአሥር። ስልኳ ከጀርባ ኪሷ ውስጥ ነው፤ ቅርጹ ይታየኛል። እጇን አልሰደደችም። የተዘጋጀሁበት ውሸት በአፌ ቀረ።

ስሕተቴን ያወቅሁት ያኔ ነው። «ዛሬ አትደውዪም?» ማለት ነበረብኝ። «ሰላም በይልኝ» ማለት ነበረብኝ። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቅዳሜ እንኳ ሳልለው ቀርቼ አላውቅም። እኔ ዝም አልሁ፣ እሷም ዝም ማለቴን ሰማች።

«ሐይቁን አይተነው አናውቅም» አለች ድንገት ተነሥታ። «እንሂድ።»

«ሩቅ ነው።»

«የመጣነውን ያህል ቢሆን ነው።»

«አራት ሰዓት ላይ መመለስ አለብን።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሩቂያ ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደረቅ ነው፣ ፊቷም እንደ ወትሮው ነው፤ ከንፈሯ ላይ ብቻ የቴምሩ ፍሬ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

«አራት ሰዓት ላይ ማን ይጠብቀናል?»

መልስ እስክሰጣት አልጠበቀችም። ፍሬውን ወደ ሸንበቆው ተፋችና፣ «ዛሬ ብቻ መምህርት። እስከ ሐይቁ» አለች።

ገባኝ። ወንድሟ ሁለት ቀን ሙሉ በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ቀልድ ሳይልክ ቀርቷል፤ ጋሽ ሙሄም «ነገ ስንት ሰዓት ትመለሺያለሽ?» ብለው ለእሷም ደውለውላት ኖሯል። ይህን በኋላ ነው የነገረችኝ። እኛ ሰዎች መርዶን ስንደብቅ ሁላችንም የምንደብቀው ባንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ያደገ ሰው ደግሞ ሽታውን ያውቃል። ማወቅና መነገር ግን ይለያያሉ። እስካልነገሯት ድረስ እናቷ በሕይወት አሉ። ከአግዳሚው ወንበር እስከ ሐይቁ፣ ከሐይቁም እስከ ቤቷ በር ድረስ አሉ።

ስልኬን አውጥቼ ቼክ አደረግሁ። ከጋሽ ሙሄ አንድ መልእክት፤ «በአራት። አደራ።» የሚል። ሰው ሁሉ በፀሐይ ቆሞ ሊጠብቅ ነው። ቃል ሰጥቻለሁ፣ ቃሌን አጥፌ አላውቅም፤ የተዋስሁትን መጽሐፍ አንድ ቀን አሳልፌ መልሼ አላውቅም። ስልኩን አጠፋሁት።

«ነጂ» አልኋት።

ከዚያ ወዲያ ጎን ለጎን ነዳን። መንገዱ ይሰፋል፣ ሸንበቆው ይሳሳል፣ ግራና ቀኝ መሬቱ አመድማ ይሆናል። ድርጭቶች ተሰልፈው ከፊታችን ሮጡ። ሩቂያ ማውራት ጀመረች፤ ስለ ቦልደር ሲቲ። ቁማር የተከለከለበት ከተማ ስለሆነ ጡረታ ስትወጣ እዚያ እንደምትኖር፣ ካዚኖ የሌለበት ቬጋስ ማለት ደሴ ማለት እንደሆነ። ደሴ ስትል ወሬዋ ተቋረጠ። ትንሽ ነዳን።

«የአንቺ አባት እንዴት ናቸው?» አለችኝ። «ስለሳቸው አውርተሽኝ አታውቂም እኮ።»

በዚያ ጠዋት አንድ ውሸት ይዤ ነው የወጣሁት፤ ሁለተኛ የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረኝም።

«ሞቷል» አልሁ።

ፍሬኗን ያዘች። ጎማዋ በጠጠሩ ላይ ተንሸራትቶ ቆመ። «መቼ?»

«ኅዳር ላይ።»

«ባለፈው ኅዳር?»

«ከዚያ በፊት ባለው። አንድ ዓመት ከአራት ወሩ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«የአጎቴ ልጅ ቴክስት አደረገልኝ። ‹አባባ ዐርፏል፣ ትናንት ተቀበረ› ይላል። አንድ መስመር ነው። ዐሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ አልጋ እየገፈፍሁ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«የቀሩኝን ስድስት ክፍሎች ጨረስሁ።»

«ከዚያስ አንቺ?»

«ከዚያ ሺፍቴ አለቀ፣ ቤቴ ገባሁ። ዕረፍት ሲደርሰኝ ለሰው እናገራለሁ ብዬ ነበር። ዕረፍቴ አለፈ። ከዚያ ዘገየሁ ብዬ አፈርሁ። ‹እስከዛሬ የት ነበርሽ› ይሉኛል ብዬ። ከዚያ ከተማው ተዘጋ።»

ሩቂያ ሳይክሏን ለቀቀችው፤ በጎኑ ወደቀ። «ስማቸው ማን ነበር?»

«ደበበ።»

«ምን ይሠሩ ነበር?»

«የዱቄት ፋብሪካ ጥበቃ ነበር። ሴት ልጅ ትምህርት ምን ያደርግላታል ይል ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቴ ራሴ ሄጄ ስመዘገብ ምንም አላለኝም። በማግሥቱ ደብተሮቼን ሁሉ በዱቄት ከረጢት ወረቀት ለብዷቸው አገኘሁ። ጠርዛቸውን በማስመሪያ አጥፎ። ማስመሪያ ከየት እንዳመጣ አላውቅም።»

ይህን ሁሉ የተናገርሁት አድራሻ እንደሚነግር ሰው ነው። ሩቂያ ግን መንገዱ ዳር ጠጠሩ ላይ ተቀመጠች፣ ሄልሜቷን አወለቀች፣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

«ደበበ» አለች በቀስታ። «የስንዱ አባት። ደብተር ለባጁ።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። ጉልበቷን አቅፋ ወዲያና ወዲህ እየተወዘወዘች አለቀሰች። ስማቸውን እየጠራች፣ በር ጠባቂው እያለች፣ ልጅሽ ሰው አገር በሰው አልጋ ላይ ተረዳች እያለች። «ልጅሽ» ስትል ሰማኋት፤ ለወንድ የሚባል አይደለም። ማንን እንደምትጠራ ዐወቅሁ፤ አላረምኋትም።

እኔ ሁለቱን ሳይክሎች በሁለት እጄ ይዤ ቆምሁ። ሌላ የምሠራው አልታየኝም።

አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በሳይክል ከታች መጣና ፍጥነቱን ቀነሰ። «ደህና ናችሁ? ወድቃ ነው?» አለ።

ሩቂያ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ፣ «የእሷ አባት ሞቶ ነው» አለችው፤ በጣቷ እያመለከተችኝ።

ሰውዬው ከሳይክሉ ወረደ። ሄልሜቱን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘና ወደኔ ዞረ። «በጣም አዝናለሁ። መቼ ነው?»

«ዛሬ» አለች ሩቂያ።

እኔ ተሳስታለች አላልሁም። ራሴን ዝቅ አድርጌ አመሰገንሁት፤ ለአባቴ ሞት የሰው ማጽናኛ ስቀበል የመጀመሪያዬ ነበር፤ የተቀበልሁትም ከማላውቀው ሰው።

ሐይቁ ዘንድ ደረስን። ብዙ ልነግራችሁ የምችለው ነገር የለም፤ ውኃው ሸሽቶ ዙሪያውን ዓለቱ ላይ ነጭ ቀለበት ትቷል፣ ነፋስ ነበር። ቴምሩን ጨረስነው። ሩቂያ ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ «በቃኝ። አሁን ውሰጂኝ» አለች። እስከ ቤቷ ነፋሱን እየተጋፋን ነበር የነዳነው፤ ይህን ጊዜ እኔ ቀደምሁ፣ እሷ ከኋላዬ ተጠለለች።

ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ከአፓርታማዋ ፊት ያለው መኪና ማቆሚያ በሰው ተሞልቷል፤ ሃያ አምስት ያህል ሰው፣ ሁሉም ማስክ አድርጎ፣ እርስ በርሱ ተራርቆ። እናቶች በሚታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ከፀሐይ ተከናንበዋል። የሩቂያ እህት መኪናዋን ተደግፋ ቆማለች። ጋሽ ሙሄ እኔን ያዩበት ዓይን እስካሁን አይረሳኝም።

«ሦስት ሰዓት ሙሉ» አሉኝ በዝቅታ። «ሽማግሌውን ሁሉ በፀሐይ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ» አልሁ።

እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሩቂያ መለሱ። ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሩቂያ ልጄ» ብለው ጀመሩ።

ሩቂያ መዳፏን አነሣች። «ጋሼ፣ እባክዎን ትንሽ ይታገሡኝ። የስንዱ አባት ዐርፈዋል።»

እህቷ «ምን እያለች ነው?» ስትል ሰማሁ።

«አቶ ደበበ ይባላሉ። ዓመት አልፏቸዋል። እስከዛሬ ያረዳት ሰው የለም፤ በቴክስት ነው የሰማችው። መጀመሪያ እሷን ይንገሯት። ከዚያ የኔን እሰማለሁ።»

ጋሽ ሙሄ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሥርዐት ዐዋቂ ሰው ናቸው፤ ስንት ቤት መርዶ ነግረዋል፣ ለሚያውቅ ሰው ግን ነግረው የሚያውቁ አይመስለኝም። ቀስ ብለው ሦስት እርምጃ ወደኔ መጡና ማስካቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከሩቅም ቢሆን ፊታቸውን እንዳየው።

«ስንዱ ልጄ» አሉ። «አባትሽ አቶ ደበበ ዐርፈዋል። ያንቺን ዕድሜ ያርዝመው። እግዜር ያጥናሽ።»

የማውቀውን ነው የነገሩኝ። ሰዓቱን፣ ቀኑን፣ ማን እንደቀበረው ሁሉ ዐውቃለሁ። ግን አስፋልቱ ላይ ተቀመጥሁ። አስፋልቱ በሱሪዬ ላይ አቃጠለኝ። ርቀት ጠብቁ የተባለው ተረሳ፤ አንዲት እናት መጥተው ከኋላዬ ትከሻዬን ያዙኝ። አለቀስሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ አላለቀስሁም። አስፋልቱ ማቃጠሉ ግን ተሰማኝ፤ የሴትዮዋ እጅ ክብደትም ተሰማኝ። ከዓመት በላይ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከዚያ ጋሽ ሙሄ ወደ ሩቂያ ዞሩ። ቀጥሎ የሆነውን አልጽፈውም፤ የእሷ ነው።

ሦስቱን ቀን በእሷ ቤት ግድግዳውን ተደግፈን ጎን ለጎን ተቀመጥን። የእሷ ወገኖች ዱዓ ያደርጋሉ፣ የእኔዎቹ ቆመው አባታችን ሆይ ይላሉ፤ ማን ለማን እንደመጣ የጠየቀ የለም። እንባዬ የመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ ቤቴ ለራሴ ምግብ እያቀረብሁ፣ ያለ ምንም ምክንያት። ብዙም አልነበረም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ የሰማችሁትን ሞት ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሥራ የገባችሁ እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። በዚያ ዓመት ብዙ ነበርን። ልመክራችሁ አይደለም፤ ጊዜው አልፏል ብላችሁ ካፈራችሁ ግን፣ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በዓመት ከአራት ወሩ፣ በሌላ ሰው መርዶ መሐል ተነግሮኝ እንደሠራልኝ መመስከር እችላለሁ። ዋጋም ነበረው፤ በፀሐይ ከቆሙት መካከል እስካሁን ሰላምታዬን የማይመልሱ ሁለት ሴቶች አሉ። አልፈርድባቸውም።

ባለፈው ጊዜ ሩቂያን፣ «ከዚያ ወንበር ላይ እናቴ ሞታለች ወይ ብለሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አልኋት።

«ብጠይቅሽ ትዋሺኝ ነበር?»

አሰብሁበት። «አልዋሽሽም ነበር።»

«ለዚህ ነዋ» አለች።